መጀመሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሳቅ

ፎገራ፣ ከወረታ ወዲህ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ለምትገኘው ለልጅ ልጄ ለማስተዋል፣

ሰላምታዬ እንደ ዘንድሮው ሩዛችን አንገቱን ደፍቶ ይድረስሽ። ሩዙ የደፋው ትሑት ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ ፍሬው ከብዶት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ሦስት ቀርቶኛል፤ ሦስቱም ተኳርፈው ራቅ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። አያትሽ ታይቱም ደህና ናት፤ እኔን ስትቆጣ ትውላለች፤ ቁጣው ነው መሰለኝ ዕድሜ የሚሰጣት።

ስልክ ለምን አያነሱም ብለሽ ተቀይመሻል። የእኔ ዓለም፣ ጆሮዬ ደንቁሯል፤ ኔትወርኩም እንደ ርብ ወንዝ ነው፤ ሲፈልግ ይሞላል፣ ሲፈልግ ይደርቃል። አንድ ስድብ ጀምሬ ሳልጨርሰው ይቋረጥብኛል። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ያሰድባል። ሹፌሩ አዛናው ሩዝ ጭኖ ወደ እናንተ በመጣ ቁጥር ይዞልኝ ይመጣል፤ የአንቺንም ያመጣልኛል።

አሁን ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎን፣ ክኒኔን እውጣለሁ። አዎን፣ ጨው ቀንሰናል፤ ማለቴ አያትሽ ቀንሳብኛለች። ባየህ ግን የደም ግፊቱን ክኒን ከተወው ሰነበተ። «ተሽሎኛል፤ የተሻለው ሰው ምን መድኃኒት ያሻዋል?» ይላል። ባየህ መቼም ባየህ ነው። አባትሽን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ ባይሆን ኖሮ ይሄኔ በሽማግሌ ተከስሶ ነበር።

ያን ስትሮክ ያልሽውን ነገር ምልክቶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ቃል ይተሳሰራል። (ስሙ ራሱ የትራክተር ስም ይመስላል።) «ለእድሩ ሰዎች ይንገሩልኝ» ብለሻል። እንዴት ልንገር? የፎገራ ሰው በንግግር የሚማር ቢሆን የግብርና ባለሙያው እስካሁን ባስተማረን ነበር፤ እሱ ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ ሰዉ በዛፉ ጥላ እንቅልፉን ይለጥጣል። እኔ ሌላ መላ መታሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አልሁና አፌን አጣመምሁት፤ ግራ እጄን እንደ ረጠበ ጋቢ አንጠለጠልሁት፤ ምላሴን አሳስሬ «ታ-ታ-ታይቱ» እያልሁ አያትሽን ጠራሁ። አቤት የተሳቀው ሳቅ! የባየህ ሚስት ሙናዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ነበር የምትስቀው። ቄስ ገብረማርያም እንኳ መስቀላቸውን ይዘው ዞር አሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አፋቸውን አጣመው ነው ሰላም የሚሉኝ። ተምረዋል ማለት አይደል?

ሰው መስሎ በመጫወት በዚህ አገር የሚፎካከረኝ ባየህ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሳቁን ሲያይ ቅናት ፊቱን አጠቆረው። «ቆይ፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ በደቦዬ ቀን አሳይሃለሁ፤ ይችኑ የአንተኑ ጨዋታ ተጫውቼ እበልጥሃለሁ!» ብሎኛል። ቀኑ እስኪደርስ እንቅልፍ የለኝም!

አያትሽ ይርዳው

*

አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማማ ታይቱስ? ደብዳቤዎን አብራኝ ነርስነት ለምትማረው ለቢታንያ ሳነብላት አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። «እኚህን ሰውዬ ለመምህርነት እንቅጠራቸው» አለች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድልኝ ግን ፍርሃት ያዘኝ።

አባባ፣ የምንለማመድበት ክፍል ውስጥ በዚህ ሕመም የተኙ ሰዎች አሉ። አስታማሚዎቻቸውን ለምን ቆያችሁ እያልሁ እጠይቃለሁ። አንዷ «ተኝቶ ሲነሣ ይሻለዋል ብለን» አለችኝ። አንዱ ታላቅ ወንድሙን ከገጠር ሲጠብቅ ነው የዋለው። አንድ አዛውንት ደግሞ ልጆቼን በሥራ ቀን አላስቸግርም ብለው የዛለ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሰነበቱ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ክፋቱ ሕመሙ አያምም! ጥርስ ቢሆን በሌሊት ያስሮጣል። የማይቆረጥም፣ የማይወጋ ነገር ሲመጣ ማን ይሮጣል? አንጎል ግን በዚያች ሰዓት እየሞተ ነው፤ መድኃኒቱም ቶሎ ለደረሰ ነው የሚበጀው።

ስለዚህ ጨዋታዎ መጨረሻ ይጎድለዋል። አፉን ያጣምሙ፣ እጁን ይጣሉ፤ ከዚያ ግን ይሩጡ! «ተኝቼ ልየው» ሳይሉ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጡ ሰዉ ይይዎት። አደራ፣ ከአያ ባየህ ደቦ በፊት።

ልጅዎ ማስተዋል

*

ባሕር ዳር
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማስቴ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደግሜ ልጻፈው፤ እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ግን ደቦው ካለፈ በኋላ ነው የደረሰኝ። አዛናው መኪናው ሐሙሲት ላይ ተበላሽታበት ቆይቶ ነው አሉ። እሱን አትቆጪብኝ።

ባሕር ዳር ምን እንደምሠራ አሁን አትጠይቂኝ። ወረቀቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል ብትይም አልሰማሽም። ይርዳው ወደቀ የሚል ወሬ ከሰማሽ እውነት ነው፤ ወድቄአለሁ። ይርዳው ታመመ ካሉሽ ግን ውሸት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን እያሰብሽ ቆይ፤ የተማርሽ አይደለሽ?

በደቦው ባየህ በለጠኝ። እንዲህ ሆኖ ከሚበልጠኝ እድሜ ልኩን ብበልጠው ይሻለኝ ነበር። በጸሎትሽ አስቢው። ሰው እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።

ይርዳው

*

አዲስ አበባ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። ከወረታ የመጣች ሴት «አያትሽ አፋቸው ተጣሞ በባጃጅ ሲወሰዱ መገንጠያው ላይ በዓይኔ አይቻለሁ» አለችኝ። እርስዎ ደህና ነኝ ብለው ይጽፉልኛል። ስልክ ብደውል እማማ ታይቱ «እሱን ተይው፣ እኔ ራሴ ነኝ የምገድለው» ብላ ዘጋችብኝ። የታመመ ሰው እንዲህ ይባላል?

ምን እንደሆነ አሁኑኑ ይጻፉልኝ። ቀልድ አይጨምሩበት። አዛናው ያለ ደብዳቤ ከመጣ በእሱው መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ ፈተናዬም ይቅር።

ማስተዋል

*

ፎገራ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእኔ ሆድ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። በሁለተኛ ደረጃ፣ እንዳትመጭ፤ ፈተናሽን ተፈተኝ። በሦስተኛ፣ ቀልድ አይጨምሩበት ላልሽው፣ ነገሩ ራሱ ቀልድ ሆኖ ከመጣ እኔ ምን ላድርግ?

በባየህ ደቦ ቀን ማለዳ ሁላችን ማሳው ውስጥ ገባን። ሰማዩ በርብ በኩል ጠቁሯል። ታጭዶ ያልተከመረ ሩዝ ዝናብ ካገኘው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ባየህ ባለቤቱ ነውና ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጠላ ያስቀዳል፤ «በርቱልኝ ወንድሞቼ!» ይላል። ምሳ ሲቀርብ ሰዉን ሊያመሰግን ዋንጫውን በግራ እጁ እንደያዘ ቆመ። አፉን ሲከፍት አፉ ወደ ጎን ሄደ። ቃሉ እንደ ገንፎ ተላቆጠ። ዋንጫው ከእጁ ወደቀ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ! «አያ ባየህ! ዛሬስ አያ ይርዳውን በለጠው!» ጭብጨባ፣ እልልታ። እኔ ደግሞ ቀናሁ። ዋንጫ መጣል እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም ብዬ ተቃጠልሁ። ብድግ አልሁና የራሴን ዋንጫ ወርውሬ፣ አፌን ከእሱ አብልጬ አጣምሜ ፊት ለፊቱ ቆምሁ። ሁለት ጠማማ ሽማግሌ! ሰዉ ነዶው ላይ ይንከባለላል።

ቆይቼ አፌን መለስሁ። የእሱ አልተመለሰም። ዝቅ ብዬ ባይ ጠላው እግሩ ላይ ፈስሷል። ማስቴ፣ ባየህ ጠላ ሲፈስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ጠጋ ብዬ «ባየህ፣ እስኪ ሳቅልኝ» አልሁት። ሳቀልኝ፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ።

«ዝም በሉ! እውነት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። የባሰውን ሳቁ! የቀልደኛ ሰው ዕዳው ይኸው ነው። ሙናዬ ግን የሚስት ዓይን አላትና ገባት፤ ሳቋን አቁማ «ምች ነው! ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው!» እያለች ዳማከሴ ልትቆርጥ ወደ ጓሮዋ ሮጠች። ቄስ ገብረማርያም «ነገ በማለዳ ጸበል ይወሰድ» አሉ። አንዱ «ታላቁ ልጁ ከአንበሳሜ ይጠራና ይወስን» አለ። ሁሉም የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ሁሉም የየራሱን ደግነት ይዞ ቆመ፤ ጊዜው ግን ይሄዳል።

ባየህ ራሱስ? በተሳሰረ ምላሱ «ሰው በእኔ ማሳ ጎንበስ ብሎ እኔ ደቦዬን ጥዬ ልሂድ? ነውር ነው። ደግሞ ምኔንም አላመመኝ። ትንሽ ጋደም ልበል» አለኝ። አንቺ «ይሩጡ» ብለሽ የጻፍሽው ያኔ ገና አዛናው ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ባየህን አውቀዋለሁ። ለራሱ ሲሆን ከደጁ አይነቃነቅም። ለአበልጁ ሲሆን ግን ርብ ሞልቶ ሳለ ይሻገራል፤ አባትሽ በተወለደ ጊዜ አዋላጇን በትከሻው ተሸክሞ በዚያ ጎርፍ ያሻገረልኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ወደቅሁ።

እንዴት ያለ አወዳደቅ መሰለሽ! ግራ ጎኔን እንደ ሞተ ጥዬ፣ አፌን እስከ ጆሮዬ አድርሼ፣ «ባየህ! አበልጄ! እጄ ሞተብኝ! ሐኪም ቤት አድርሰኝ፤ ያለ አንተ አልሄድም!» እያልሁ ነዶ ላይ ተንፈራፈርሁ። ሰዉ አሁንም ሊስቅ ነበር። አያትሽ ታይቱ ግን ጮኸች። ለእሷ አልነገርኋትም፤ ጊዜም አልነበረኝም፤ ጩኸቷ የእውነት ነበር። የታይቱን ጩኸት ሰምቶ የሚስቅ ሰው በፎገራ ሜዳ አልተወለደም። (እስካሁን አላናገረችኝም። ምግብ ስታቀርብልኝ ሳህኑን ነው የምታናግረው።)

ባየህ ደቦውን ረሳው። በደህናው እጁ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ባለባጃጁ ሰውመሆን ባጃጁን ማሳው ዳር ድረስ አስገባው። ባየህ ከጎኔ ገባ። ሙናዬ ዳማከሴዋን ጨብጣ ገባች። ቄስ ገብረማርያም «ጸበሉ እዚያም ቢሆን አይከለከል» ብለው በትንሽ ጀሪካን ይዘው ከፊት ተጣበቁ። ሰውመሆን ዞር ብሎ «ይህ ባጃጅ ነው ወይስ የኖኅ መርከብ?» አለ። ታይቱ «ንዳ አንተ!» ስትለው ነዳ። እንዴት ነዳ! ዶሮ፣ ፍየል፣ የጭነት መኪና ሳይል በረረ። መገንጠያው ላይ ያየችን ሴትዮ ሁለት አፈ ጠማማ ሽማግሌ ተደጋግፈው ሲያልፉ ነው ያየች፤ እኔን ብቻ መናገሯ መልከ መልካሙን መርጣ ይሆናል።

መንገድ ላይ ባየህ እግሩም እየከበደው ሄደ። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አ-አይ-ዞህ ይርዳው» አለኝ። እሱ እኔን አይዞህ! ማስቴ፣ አፌን አጣምሜ አለቀስሁ። አፉ የጨዋታ ነበር፤ እንባው አልነበረም።

ወረታ ሐኪም ቤት ስንደርስ አልጋውን ወደ እኔ ገፉት። እኔ ብድግ ብዬ ልብሴን አራገፍሁና «እኔ ደህና ነኝ፤ በሽተኛው እሱ ነው፤ ምሳ ሲቀርብ ነው የጀመረው፤ የግፊት ክኒኑንም ትቷል» አልሁ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየች። ከዚያ ወዲያ ለመሳቅም ለመቆጣትም ጊዜ አልነበራትም። ግፊቱን ለኩ፣ ስኳሩን ለኩ፣ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር አጣደፉን። ባየህ አልጋው ላይ ሆኖ ባለችው ግማሽ ፊቱ አፈጠጠብኝና «ሌባ!» አለኝ። ከዚያች ከተረገመች ምሳ ወዲህ ሳይተሳሰር የወጣለት የመጀመሪያ ቃል ነበር! አቅፌ ሳምሁት።

በሕይወት አለ። የባሕር ዳሩ ሐኪም «ዛሬ ተኝቶ ነገ ቢመጣ ኖሮ» አለና ቀሪውን ዋጠው፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እግሩ እየተመለሰ ነው። ግራ እጁ ገና አኩርፏል። ያ ነውር ነው ያለው ደቦስ? ሰዉ ባለቤቱ ሳይኖር ብሶበት አጨደ፤ ዝናቡ ሳይጥል ከመሩለት። ክምሩ ከእኔ ክምር ይበልጣል፤ ይህንንም ይዞ ያሾፍብኛል።

ለእማማሽ ጻፊላት፣ ታርቀኝ እንደሆነ።

አያትሽ ይርዳው

*

ፎገራ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለነርስ ማስተዋል፣

(ፈተናውን ማለፍሽን አዛናው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጮኾ ነው የነገረን። ታይቱ እልል ብላ፣ ተሳስታ እኔንም ሳመችኝ። ታርቀናል።)

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ፊደሌ ለምን እንደዘመመ ግን ገና አትጠይቂኝ። መጀመሪያ አገሩ ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጨዋታዬን አንቺ ባልሽው መንገድ አሟልቼዋለሁ። አፌን አጣምማለሁ፣ እጄን እጥላለሁ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጀመሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሳቅ!» እያለ ተሸክሞኝ ይሮጣል። እድሩ ሕግ አድርጎታል። ድግስ ላይም ሁን፣ እርሻ ላይም ሁን፣ አጨዳ ላይ፤ የሰው አፍ ከተጣመመ የሚወስን ወንድም አይጠበቅም፤ ባለቤቱም ራሱ አይጠየቅም። ቄስ ገብረማርያም ከቅዳሴ በኋላ «ጸበሉ ይከተላችኋል፣ እናንተ ቅደሙ» ብለው አውጀዋል።

እዳው ግን በእኔ መጣ። ይኸው ከጥምቀት ወዲህ ሦስት ጊዜ በባጃጅ ጭነውኛል! መጀመሪያ ታቦቱን ስንሸኝ አዛጋሁ፤ ማዛጋቴ ትንሽ ወደ ጎን ሄዶ ኖሮ ሳልጨርሰው ባጃጅ ውስጥ ነበርሁ። ሌላ ጊዜ ቆሎ ውስጥ ድንጋይ ነክሼ ፊቴ ተኮሳተረ፤ ዳግመኛ ጫኑኝ። የወረታዋ ሐኪም ከሩቅ ስታየኝ «መጡ ደግሞ» ትላለች። ሰውመሆን ባጃጁ ላይ ስሜን ሊጽፍበት ነው።

ሦስተኛው ባየህ ደጃፍ ገበጣ ስንጫወት ነው። እያሸነፍሁት ነበር፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ጠጠሯን ላነሣ ስል ከእጄ ወደቀች። አነሣኋት፣ ወደቀች። ባየህ አልሳቀም። «ይርዳው፣ ስሜን ጥራ» አለኝ። ልጠራው ስል ምላሴ ከበደኝ። እና ምን እንዳልሁት ታውቂያለሽ? ምልክቱን በቃሌ የያዝሁ፣ አገሩን ያስተማርሁ፣ በደቦ ላይ የወደቅሁ እኔ ይርዳው? «ምንም አላመመኝ፤ ትንሽ ጋደም ልበል» አልሁት። ከእሱው አፍ የወሰድሁት ይመስል!

ባየህ ከዘራውን ጥሎ «ባጃጅ!» ብሎ ጮኸ። ያ የተሳሰረ ምላሱ ያን ቀን እንደ ደወል ጠራ። በደህናው እጁ ጋቢዬን ይዞ ጎተተኝ፤ ሐኪም ቤት እስክንገባ አልለቀቀኝም።

ሐኪሟ በሩ ላይ «መጡ ደግሞ» ልትል ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። ቶሎ ደረስን። ምላሴ ተመልሷል፤ ታይቱ «ባይመለስ ይሻል ነበር» ትላለች፤ ይህን ስትል ግን እጄን ይዛ ነው። ክኒኔ በዝቷል፣ ጨው ፈጽሞ ቀርቷል። ቀኝ እጄ ብቻ እንደ ግትር ወይፈን ወደፈለገበት ይሄዳል፤ መስመሩ ማሳ ዳር እንደወጣ ፈር የዘመመው ለዚህ ነው። ሊሻልህ ነው ተለማመድ ብለውኛልና ይኸው በአንቺ ላይ እየተለማመድሁ ነው።

ወረቀቱ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ባየህ ያንን የሰነፈ ግራ እጁን በደህናው አንሥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠልኝ። ለማጨድ አይሆንም፤ ዋንጫም አይይዝም። ወረቀት ለመጫን ግን በፎገራ ተወዳዳሪ የለውም። እሱ ይጫናል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አሁን ከጎኔ ሆኖ ይነተርከኛል። «ሰላም በልልኝ። ደግሞ አፉን መጀመሪያ ያጣመመው ባየህ ነው፣ ይርዳው ከእኔ ነው የቀዳው ብለህ ጻፍ» ይለኛል።

ጽፌያለሁ። ውሸት ነው፤ ግን እጁን ያነሣብኛል ብዬ ፈራሁ።

አያትሽ ይርዳው